ከቲዩቡ ግድግዳ የታጠበው፦ የሰቆጣና የአምደወርቅ ጉዞ

መነሻ

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ስለ መጪው ሚሌኒየም ድግስ ማውራት በጀመረበት ዓመት፣ የበረዶ ሳጥን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ ተነሳሁ። ሾፌራችን ጋሽ ታፈሰ ሳጥኑን ከወንበሬ ኋላ በገመድ ጠፍረው ካሰሩ በኋላ ዞር ብለው አዩኝ።

"ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ዕቃ ምን ሊያደርግ ነው?"

"የሰው ሽንት ልመረምርበት ነው፣ ጋሽ ታፈሰ።"

"እዚህ ሽንት ጠፍቶ ነው ሰቆጣ ድረስ?"

ሳቅሁ። ጥያቄያቸው ግን የሚሳቅበት ብቻ አልነበረም። አለቃዬም ለጉዞው ከመፍቀዱ በፊት በሌላ አነጋገር ይህንኑ ጠይቆኛል።

የምሠራው በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ የያዝነው ሥራ የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ የምታስተላልፈውን ካላዛርን የሚመለከት ነበር። ካላዛር ያለበት ሰው ሽንት ውስጥ፣ በሽታውን የሚያመጣው ተሕዋስ የሚጥለው ፕሮቲን አለ። መጠኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ማግኘቱ ቀላል አይደለም። እኛ የሽንት ጠብታ ነጭ ስስ ወረቀት መሳይ ነገር ላይ እናሳርፍና ያንን ፕሮቲን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ ፈሳሽ እናፈስበታለን፤ ቀጥሎ ቀለም እንጨምራለን። ፕሮቲኑ ካለ ወይን ጠጅ ነጥብ ይወጣል። ከሌለ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ያህል የለፋንበት ምክንያት ነበረን። የተለመደው የደም ምርመራ ሰውነት በሽታውን ለመከላከል ያመረተውን ነው የሚያየው፤ ያ ደግሞ ሰውየው ታክሞ ከዳነም በኋላ ለዓመታት ደሙ ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ታክሞ እንደገና የታመመ ሰው ሲመጣ፣ በሽታው ተመልሶበት ይሁን ሌላ ነገር ይዞት የደም ምርመራው አይለይም። የሚለየው ጣፊያ ውስጥ በሚገባ መርፌ የሚወሰድ ናሙና ነው። ደሙ አልረጋ የሚል በሽተኛን ጣፊያ በመርፌ መውጋት ደግሞ ሊገድለው ይችላል። ሽንቱ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን በእርግጠኝነት ማየት ከቻልን ግን መርፌው ቀረ ማለት ነው።

ችግሩ ይህ ነበር፦ አዲስ አበባ ውስጥ ከተኙ ሕሙማን ወስደን ወዲያው የምንመረምረው ሽንት ነጥቡን ያሳየናል። ከሰቆጣ በመኪና የሚላክልን ግን ባዶ ይሆናል። ያውም በመርፌ ናሙና ካላዛር መሆናቸው የተረጋገጠ ሰዎች ሽንት! አጠለልነው፣ አወፈርነው፣ የቀለሙን ፈሳሽ ለወጥነው። ምንም የለም።

"ሙቀቱ ነው" አለ አለቃዬ። "በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጣል፣ ፕሮቲኑ ይበላሻል።"

"እንግዲያው ሄጄ የት ላይ እንደሚበላሽ ልየው" አልሁት። ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ጀምሬ፣ በየደረስሁበት ከተማ ያንኑ ናሙና ደግሜ እየመረመርሁ ልመለስ። ሐሳቤ ይኸው ነበር።

እስከ ኮረም

ጣርማበር ላይ ጉም ጠበቀን። ጋሽ ታፈሰ መብራት አብርተው እየተንፏቀቁ ወረዱ። ደሴ ገብተን አደርን፤ በማግሥቱ ሐይቅን በስተቀኝ ትተን፣ ወልዲያ ላይ ምሳ በልተን ወደ ቆቦ ሜዳ ወረድን። ማሽላው ታጭዶ አልቋል። አገዳ የጫኑ ግመሎች መንገዱን ዘግተው ሲሄዱ ጋሽ ታፈሰ ጥሩምባ አይነፉም፤ "እነሱ ናቸው ባለመንገድ" ይላሉ።

አላማጣ ስንደርስ የመኪናው ውስጥ እንደ ምድጃ ግሎ ነበር። የሳጥኑን ክዳን ከፍቼ እጄን ሰደድሁ። በረዶው ግማሹ ውኃ ሆኗል። ከከተማው አልፈን ጠመዝማዛውን ዳገት ስንያያዘው ደግሞ አየሩ ባንድ ጊዜ ተለወጠ፤ ኮረም ስንገባ ጋቢ አስፈለገን። ከአንድ ሻይ ቤት የገብስ ቂጣ በበርበሬ በላን። የሻይ ቤቱ ባለቤት የምንሄደው ሰቆጣ መሆኑን ስትሰማ፣ "ድንጋዩ ጎማ ይበላል፤ ሁለት መለዋወጫ ይዛችኋል?" አለች። አንድ ነበር የያዝነው።

ሰቆጣ

ከኮረም በኋላ አገሩ ይራቆታል። ተራራው አጥንቱ የወጣ ይመስላል፤ ገበሬው ግን በየገመገሙ እርከን ሠርቶ፣ ድንጋዩን ለቅሞ ከምሮ፣ በመካከሉ እህል ዘርቶበታል። በየግራሩ ሥር ፍየል ተኮልኩሏል። አንድ ጎማ ፈነዳብን፤ ጋሽ ታፈሰ ያለችንን አንድ መለዋወጫ ቀይረው እስከ ሰቆጣ ድረስ በዝግታ ነዱ።

ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለኝ ሐኪም ዶክተር ኤልያስ ይባላል፤ እንቅልፍ ያጣ ወጣት ነው። የካላዛር ሕሙማኑን አንድ በአንድ አሳየኝ። አብዛኞቹ ሰሊጥ ለማጨድ ሁመራ ወርደው የተመለሱ ጎልማሶች ናቸው። ሆዳቸው በጣፊያው ተነፍቷል፤ ክንዳቸው ቀጥኗል።

በመርፌ ናሙና በሽታው ከተረጋገጠ አንድ ታካሚ ትኩስ ሽንት በብርጭቆ ተቀብዬ እዚያው መረመርሁ። ወይን ጠጅ ነጥቡ ጥርት ብሎ ወጣ። በደስታ ለዶክተር ኤልያስ አሳየሁት። ከዚያ ሽንቱን ለሁለት ከፍዬ አዲስ አበባ በምንጠቀምባቸው የፕላስቲክ ቲዩቦች ጨመርሁ፤ አንዱን በረዶ ውስጥ፣ ሌላውን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አኖርሁ። ለማነጻጸሪያ ጤነኛ ሰው ስላስፈለገኝ የጋሽ ታፈሰንም ሽንት ተቀበልሁ።

"ለመንግሥት ያልሰጠሁት ይሄን ብቻ ነበር" አሉ፣ ቲዩቡን ሲያቀብሉኝ።

በማግሥቱ ስመረምር ፀሐይ ላይ የዋለው ባዶ ሆኗል። ይህን ጠብቄው ነበር። በረዶ ውስጥ የዋለውም ግን ባዶ ሆነ። ደገምሁት። ያው ነው። አመጣጤ ሙቀቱ የቱ ጋ እንደሚጎዳው ለማወቅ ነው፤ ቅዝቃዜ ውስጥ የተቀመጠውም እኩል ከጠፋ ሙቀት አይደለም ማለት ነው። ሙቀት ካልሆነ ምንድን ነው? ግራ ገባኝ።

በዚያው ጠዋት ዶክተር ኤልያስ ጠራኝ። ከአምደወርቅ ጤና ጣቢያ መልእክት መጥቷል። ከሰሃላ ወገን በቃሬዛ የመጣ ሰው አለ፤ ቀድሞ ካላዛር ታክሞ ነበር፤ አሁን ትኩሳት አለው፣ ጣፊያው አብጧል፣ አፍንጫው ይደማል።

"መኪና የለኝም" አለኝ። "ያለው የእናንተ ብቻ ነው። ብታመጡልኝ? ዕቃሽንም ያዢው። በሽታው ተመልሶበት ከሆነ በሌላ መንገድ ላውቅ አልችልም፤ እየደማ ጣፊያውን አልወጋውም።"

ጋሽ ታፈሰን አየኋቸው። መለዋወጫ ጎማ የለንም፤ የፈነዳው ገና ከጠጋኙ ዘንድ ነው።

"ጎማውን አምጥቼ እንነሳ" አሉ።

አምደወርቅ

መንገዱ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ገደሉ በግራ ሆነ በቀኝ አይለይም፤ መኪናው ወንዝ ገብቶ ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። እኔ የበረዶ ሳጥኑን በክንዴ አቅፌ ስለ ሁለቱ ባዶ ወረቀቶች አስባለሁ። እዚያ ደርሼ ለበሽተኛው ምን ልለው ነው? ዘዴዬ እንደማይታመን ያየሁት በዚያው ጠዋት ነው።

የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ሞገስ ይባላል፤ የዚያው አገር ልጅ ነው፣ ኽምጥኛም አማርኛም እኩል ይናገራል። ከበር ላይ ጠበቀን። በሽተኛው ደሳለኝ ይባላል፤ ሃያ ዓመት ካለፈው ብዙ አይሆንም፣ ፊቱ ግን የአዛውንት ሆኗል። አልጋው ጠርዝ ላይ አባቱ አያ ካሴ ተቀምጠዋል፤ በጋቢያቸው ጫፍ የልጃቸውን አፍንጫ ይጠርጋሉ። ጋቢው ላይ የደረቀ ደም አለ።

"ትኩስ ሽንት ማግኘት እንችላለን?" አልሁት ሞገስን።

"ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ውኃ ከሰውነቱ አልቋል። ግሉኮስ ጀምሬለታለሁ፣ ግን ከትናንት ወዲህ ጠብ አላለም። ትናንት እንደመጣ የተቀበልሁት አለ፤ እናንተ ለናሙና በላካችሁልን ቲዩብ ነው ያስቀመጥሁት።"

ይህንን ሲለኝ አያ ካሴ ቀና ብለው አዩን፤ በኽምጥኛ ለሞገስ ረጅም ነገር ተናገሩ።

"ምን አሉ?"

"ከዚህ በፊት ሁለት ቦታ ወስደውት ነበር። አንዱ የሳንባ ነው ብሏቸዋል፣ አንዱ ወባ ነው። ሁለቱንም መድኃኒት ወስዷል። አሁን..." ሞገስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በሽታው ከታወቀ ሰቆጣ ይሂድ ይላሉ። ካልታወቀ ግን ወደ ቤት እንመልሰዋለን ነው የሚሉት።"

ሽማግሌው ራሳቸው በዝግታ በአማርኛ ጨመሩበት። "ልጄ፣ መንገድ ላይ አይሙትብኝ። እናቱ ሳታየው አይሙት። የተሸከሙት ሰዎች ውጭ ናቸው፤ ስትነግሪኝ ያነሱታል።"

ውጭ አየሁ። ቃሬዛው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከአጠገቡ ሰዎች ተቀምጠው ቆሎ ይበላሉ።

ሞገስ በሰጠኝ ጠረጴዛ ላይ ዕቃዬን ዘረጋሁ። ከትናንቱ ሽንት ጠብታ ወሰድሁ። ፈሳሹን አፈሰስሁ፣ ጠበቅሁ፣ አጠብሁ፣ ቀለሙን ጨመርሁ። ሞገስ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ይመለከታል። ጊዜው ሲደርስ ወረቀቱን አነሳሁ።

ነጭ ነው።

"ካላዛር አይደለም ማለት ነው?" አለኝ።

"አላውቅም።"

"ምን ልበላቸው ታዲያ?"

"አላውቅም አልሁህ!" ጮኼበት ኖሯል። አያ ካሴ ከወዲያ ክፍል በበሩ አዩኝ። ሞገስ ወጣ።

ብቻዬን ቀረሁ። ዕቃውን ማነሳሳት ጀመርሁ። ሰው ሊሞት ነው፣ እኔ ነጭ ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ። ያንን የጠዋቱን ነገር እንደገና አወጣሁ አወረድሁ። በረዶ ውስጥ ያለውም ጠፋ፣ ፀሐይ ላይ ያለውም ጠፋ። ከበሽተኛው በብርጭቆ የተቀበልሁትና ወዲያው የመረመርሁት ግን አልጠፋም። አዲስ አበባም ነጥቡ የሚታየን ከሕሙማን በብርጭቆ ተቀብለን በቀጥታ ስንመረምር ነው። የጠፉትን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ምንድን ነው? የዋሉት ፕላስቲክ ውስጥ ነው። ያ ቲዩብ ውስጥ።

ቲዩቡን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት። ውስጡ ጥርት ያለ ነው፤ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ግን ፕሮቲን ፕላስቲክ ላይ እንደሚለጠፍ የማላውቀው ነገር አይደለም። ብዙ ፕሮቲን ያለበት ፈሳሽ ከሆነ ግድግዳው የድርሻውን ይይዝና የቀረው ይተርፋል፣ ማንም ልብ አይለውም። እጅግ ጥቂት ሲሆንስ? ያለውን በሙሉ ግድግዳው ይወስደዋል። እኛ ከመካከሉ ጠብታ እየቀዳን ሳለ የምንፈልገው ነገር ዙሪያውን ተለጥፎ ይሆናል።

እንግዲህ ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ነበር። የተረፈውን ሽንት ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጬ ባዶውን ቲዩብ በሳሙናማ ፈሳሽ ማጠብና እጣቢውን መመርመር። የያዝሁት ሳሙናማ ፈሳሽ ለሁለት ቲዩብ ብቻ ይበቃል። ሁለተኛው ቲዩብ የጋሽ ታፈሰ መሆን አለበት፤ የእሳቸውም ሽንት ከትናንት ጀምሮ በዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሳጥኔ ውስጥ ውሎ አድሯል። የጤነኛውም እጣቢ ነጥብ ካወጣ፣ ነጥቡ የሳሙናው ነው ማለት ነው፤ ምንም አያስረዳኝም።

ሞገስን ጠራሁት። "ይቅርታ አድርግልኝ። አንድ ሙከራ ልድገም። አያ ካሴን ጥቂት እንዲታገሡ ንገርልኝ።"

"ሰዎቹ ተነሥተዋል። ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ወንዙን መሻገር ይፈልጋሉ።"

"ለምንልኝ።"

ሄዶ ምን እንዳላቸው አላውቅም። ቃሬዛው ሲነሳ ሰማሁ፤ ከዚያ ተመልሶ መሬት ሲነካ።

ሁለቱን ቲዩቦች አጠብሁ። ጥቂቷን እጣቢ በጠባቡ ወንፊት አጠለልሁ፤ ፈሳሹን በኃይል አዙሮ በወንፊቱ የሚያሳልፈው ማሽከርከሪያ የእጅ ስለሆነ ሞገስ ራሱ አዞረልኝ፣ ላብ እስኪያጠምቀው። ከዚያ ጠብታዎቹን ጎን ለጎን አኖርሁ፤ በግራ የደሳለኝ፣ በቀኝ የጋሽ ታፈሰ። ፈሳሹን አፈሰስሁ። መጠበቅ ብቻ ቀረ። ከወዲያኛው ክፍል የደሳለኝ ማቃሰት ይሰማል፤ ቆም ሲል ሁለታችንም ጆሯችንን እናቆማለን፣ ሲቀጥል እንተነፍሳለን።

ቀለሙን ጨመርሁ። በቀኝ ምንም የለም። በግራም ምንም የለም። ዓይኔን ጨፈንሁ።

"እትዬ" አለ ሞገስ። "ተመልከቺ።"

በግራ በኩል የጭስ ጥላ የመሰለ ነገር ነበር። እያየነው ጠቆረ፤ ዙሪያው ተለየ፤ ወይን ጠጅ ነጥብ ሆነ። ቀኙ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አያ ካሴ ሄድሁ። እርጥብ ነበር፤ በመቆንጠጫ አንጠልጥዬ አሳየኋቸው።

"ይቺ ናት?" አሉ።

"ይቺ ናት። በሽታው የቀድሞው ነው፣ ተመልሶበታል ብዬ አምናለሁ። መድኃኒቱ ሰቆጣ አለ።"

"ያድነዋል?"

"መድኃኒቱ ከባድ ነው፤ ልብ ይጎዳል። ግን ብዙ ሰው ድኖበታል። እዚህ ከቀረ ግን..."

"ገባኝ" አሉ። ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ፣ በኽምጥኛ ተናገሩ። ሰዎቹ ቃሬዛውን አንስተው ወደ መኪናችን አመጡት።

የመኪናውን የኋላ ወንበር አጥፈን ደሳለኝን አስተኛነው። ግሉኮሱን ሞገስ በእጁ ከፍ አድርጎ ይዞ አብሮን መጣ። መንገድ ላይ አፍንጫው ሁለት ጊዜ ደማ፤ አንዱ አልቆም ብሎ ጋሽ ታፈሰ ወንዝ መካከል መኪናውን አቆሙ። አያ ካሴ የልጃቸውን ራስ ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ይመለከታሉ። ሰቆጣ የገባነው ሌሊት ነው።

እንደገና ሰቆጣ

ዶክተር ኤልያስ ወረቀቴን ብዙ ጊዜ አገላብጦ አየው።

"እስኪ እንደገና ንገሪኝ። ሽንቱን መረመርሽው፣ ባዶ ሆነ። ባዶውን ቲዩብ አጠብሽ፣ ነጥብ ወጣ። በዚህ ላይ ተመሥርቼ ይህን መድኃኒት ለዚህ ሰው ልስጠው?"

"ጤነኛው ነጭ ነው።"

"አንድ ጤነኛ።"

"አንድ" አልሁት።

"ሆድ ውስጥ የገባ ቲቢ ቢሆንስ? ልቡን በመርፌው አድክሜ እገድለዋለሁ። ሽንቱ ከመጣ በብርጭቆ ተቀብለሽ ወዲያው ድገሚልኝ። ያን ጊዜ እጀምራለሁ። እስከዚያ ውኃውን እተካለታለሁ።"

ተናደድሁ፤ ግን እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምጠይቀው። በማግሥቱ ጠዋት ደሳለኝ ገና ጠብ አላደረገም። አያ ካሴ የአልጋውን ብረት ይዘው ቆመዋል። እዚያ ተቀምጬ ግሉኮስ ሲንጠባጠብ ከማይ ብዬ ወደ ገበያው ወጣሁ፤ ዱቄት ወተት ፍለጋ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ትናንት ከአምደወርቅ ስንመለስ መንገድ ላይ ነው። ግድግዳው ፕሮቲን የሚፈልግ ከሆነ ናሙናው ከመግባቱ በፊት በሌላ ፕሮቲን እናጥግበው። ወተት ቲዩቡ ውስጥ ይዋል፣ ይደፋ፣ ይታጠብ፣ ይድረቅ። ግድግዳው አስቀድሞ ከተያዘ የእኛዋ ጥቂት ፕሮቲን የምትለጠፍበት አታገኝም።

ሱቁ የወይዘሮ ፋጡማ ነው፤ ከገበያው ዳር፣ ጨርቅም ስኳርም ባትሪም የሚሸጥበት። ጣሳውን ከላይኛው መደርደሪያ በዱላ አውርደው አቧራውን ጠረጉ።

"ጡትሽ ደረቀ እንዴ?" አሉኝ በሐዘኔታ።

"ለሕፃን አይደለም፤ ለቲዩብ ነው።"

ልጃቸውን ጠርተው፣ "የአዲስ አበባ ሰው ወተቱን ለምን እንደሚፈልገው ስሚ" አሏት። ከዚያ ግን ለሆስፒታል መሆኑን ስነግራቸው ከዋጋው ቀነሱልኝ። "የእኛም ሰው እዚያው ነው የሚተኛው" አሉ።

ወተቱን በፈላ ውኃ በጥብጬ፣ በማሽከርከሪያው ስቡን አስወጥቼ፣ ቲዩቦቹን ሞልቼ ሳለሁ ሞገስ እየሮጠ መጣ። ብርጭቆው በእጁ ነው። ከሥሩ ጥቂት ጠቆር ያለ ሽንት አለ።

ዶክተር ኤልያስ ሌላ በሽተኛ ትቶ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። በዚህ ጊዜ የሁለት ጤነኞች ሽንት ጎን ለጎን አኖርሁ፤ የሞገስና የራሱ የሐኪሙ። ነጥቡ ቀለሙን እንደጨመርሁ ወዲያው ወጣ፤ ካምደወርቁ የጠቆረ ነበር። ሁለቱ ጤነኞች ነጭ ቀሩ።

ዶክተር ኤልያስ ወረቀቱን ተቀበለኝ። "መድኃኒቱን አዘጋጁ" አለ። ከዚያም ወደ ደሳለኝ አልጋ ሄዶ የልቡን ምት ራሱ አዳመጠ፤ የመጀመሪያውን መርፌ ሲወጋው እጁን ከእጅ አንጓው አላነሳም።

መልስ

ሰቆጣን ስንለቅ ደሳለኝ ገና ትኩሳቱ አልለቀቀውም ነበር። ይድን አይድን ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። አያ ካሴ እስከ መኪናው ሸኙኝ፤ ከማዳበሪያ ቁራጭ ውስጥ በቅጠል የተጠቀለለ ነጭ ማር አውጥተው ሰጡኝ። ከቤታቸው ያመጡት የስንቃቸው ተራፊ ነው። አልቀበልም ብል እንደማይሆን ከፊታቸው አወቅሁ።

ሳጥኑ ውስጥ የደሳለኝ ሽንት በሁለት ዓይነት ቲዩብ ነበር፤ ወተት በቀመሱና ባልቀመሱ። ኮረም ላይ ሻይ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ለምኜ መረመርሁ። ወተት ያልቀመሰው ደብዝዟል፣ የቀመሰው ነጥቡ እንዳለ ነው። ከአላማጣ ዳገት ሥር አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋ፤ በዚያ ሙቀት በረዶው እስከ መጨረሻው ቀለጠ። ሳጥኑን ስከፍተው ቲዩቦቹ ለብ ባለ ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ። አለቀ አልሁ። ወልዲያ ደርሰን ስመረምር ግን የወተቱ ነጥብ አለ። ደሴም አለ። ጋሽ ታፈሰ እያንዳንዱን ጊዜ ከመኪናው ወርደው፣ "እህ፣ አለች?" ይሉኛል፤ "አለች" ስላቸው ጎማውን በእግራቸው መታ አድርገው ይመለሳሉ።

አዲስ አበባ

ላቦራቶሪ እንደደረስሁ አለቃዬን አስቀምጬ ናሙናውን ፊት ለፊቱ መረመርሁ። ነጥቡን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ። "ወተት?" አለ። "ከገበያ?" ለወራት ደግመን ደጋግመን ፈተንነው፤ ኋላም ከወተት የተሻለ ንጹህ ፕሮቲን ተጠቅመን፣ ለክፍለ ሀገር የሚላኩት ቲዩቦች ሁሉ አስቀድመው እንዲቀቡ አደረግን። ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ሌሎች አገሮችም የሚያውቁት ነው። እኛ ግን ያላየነው መንገዱን ስላልተጓዝነው ነው። ባዶ ወረቀት ሳይ "የለም" ከማለቴ በፊት "የት ሄዶ ይሆን?" ብዬ መጠየቅ የጀመርሁት ከዚያ ጉዞ ወዲህ ነው።

ደሳለኝን ግን አልረሳሁትም። በየሳምንቱ ወደ ሆስፒታሉ ስደውል አንዴ ልቡ ተረብሾ መርፌው ቆመ ይሉኛል፣ አንዴ ተጀመረ ይሉኛል። ዐቢይ ጾም ሊፈታ ሲል አንድ ቀን ቢሮዬ ስልክ ጮኸ። ሞገስ ነበር፤ መድኃኒት ሊቀበል ሰቆጣ መጥቶ። መርፌውን ጨርሷል፣ ጣፊያው ተመልሷል አለኝ፤ ከዚያ ስልኩን ለሌላ ሰው አቀበለው።

"ልጄ፣ ካሴ ነኝ" አሉኝ አያ ካሴ። "ድኗል። እየበላ ነው። አንድ ነገር ንገሪልኝ፤ አንቺን ይሰማል። ሁመራ እመለሳለሁ ይላል።"

"እርስዎ ምን አሉት?"

"ምን እላለሁ? መሬቱን ታውቂዋለሽ፣ አይተሽዋል። አሁን ከጎኔ ነው፤ እንኪ።"

ደሳለኝ ድምፁ አዲስ ነበር፤ ያን ቀን ማቃሰቱን ብቻ ነው የሰማሁት። ሰላምታ ሰጠኝ፣ አመሰገነኝ። አትሂድ አልሁት። እዚያ እንደ አሁኑ ቢይዝህ ልብህ ሁለተኛ አይችለውም አልሁት። ሁሉንም ነገርሁት።

"እቴ፣ እውነትሽን ነው" አለኝ በትሕትና። "እዚህ ግን ምን ልብላ?"

በተከፈተው የቢሮዬ በር ወደ ላቦራቶሪው አየሁ፤ ማሽኖቹ ይሠራሉ፣ ቲዩቦቹ በሰልፍ ቆመዋል። ከዚያ የማውቀውን ብቻ ነገርሁት፦ የሚተኛበትን ቦታ በአጎበር እንዲከልል፣ ትኩሳት ከጀመረው ወደ ሌላ ቦታ ሳይዞር በመጀመሪያው ሳምንት ሰቆጣ እንዲመጣ፣ ሽንቱን እንዲሰጥ።

"እሺ" አለ። "ትመጫለሽ አንቺ?"

"ቲዩቡ እዚያ አለልህ" አልሁት። "እኔ ባልመጣም ሞገስና ዶክተር ኤልያስ ያውቁበታል።"

ከዚያ ለአባቱ በኽምጥኛ የሆነ ነገር ሲናገር ሰማሁ፣ ከመካከሉ የገባችኝ "ቲዩብ" የምትለው ቃል ብቻ ናት፤ ሽማግሌው ሳቁ፣ ስልኩም ተዘጋ።